ምዕራፍ 3፦ በማን ስም ነው የሚሠሩት?

አሜሪካ ውስጥ የሪል እስቴት ፈተና ያለፈ ሰው ስልኩ ዕረፍት አያገኝም። ላይሰንሱ ገና ታትሞ ሳያልቅ ከማያውቃቸው ሰዎች መልእክት ይጎርፍለታል። አንዱ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ቡና እንጠጣ» ይላል፤ ሌላው «እኛ ጋ ኮሚሽንዎ መቶ በመቶ የእርስዎ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ሰው ሆኖ ይገኛል። በብዙ ስቴቶች ላይሰንስ ያወጣ ሰው ስም የሕዝብ መዝገብ ስለሆነ ቢሮዎቹ ከዚያ እየለቀሙ ይደውላሉ።

ተፈላጊ መሆን ደስ ይላል። ግን ለምን እንደተፈለጉ ማወቅ ከደስታው ይቀድማል። የብሮከር ቢሮ ገቢ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ኤጀንቱ ሲሸጥ ከኮሚሽኑ ይካፈላል፣ ቢሸጥም ባይሸጥም ደግሞ ወርኃዊና ዓመታዊ ክፍያ ይሰበስባል። አንዳንዱ ቢሮ በመጀመሪያው፣ አንዳንዱ በሁለተኛው፣ ብዙው በሁለቱም ይኖራል። በወርኃዊ ክፍያ ለሚኖር ቢሮ አንድም ቤት የማይሸጥ ኤጀንት ኪሳራ አይደለም። ቤት ገዢው የኤጀንቱ ደንበኛ እንደሆነ ሁሉ ኤጀንቱም የቢሮው ደንበኛ ነው። ይህን የያዘ ሰው ቡናውን ሲጠጣ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

መጀመሪያ ግን ሕጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ደላላ ሲሠራ ያየ ሰው ሥራውን የሚያስበው በግለሰብ ነው፤ ሻጭና ገዢን ያገናኛል፣ ዋጋ ያስማማል፣ ድርሻውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀበላል፣ በላዩ አለቃ የለበትም። አሜሪካ ውስጥ የሪል እስቴት ኤጀንት እንዲህ ሊሠራ አይችልም። የኤጀንትነት ላይሰንስ ብቻውን ለመሥራት አያበቃም፤ በአንድ ብሮከር ሥር መመዝገብ ግዴታ ነው። ብሮከር ማለት ተጨማሪ ልምድና ትምህርት የሚጠይቅ ሌላ ደረጃ ላይሰንስ ያወጣ፣ ለኤጀንቶቹ ሥራም በሕግ ተጠያቂ የሆነ ሰው ነው። ሻጩ ቤቱን ለማሸጥ የሚፈርመው ሊስቲንግ ውል ከቢሮው ጋር ነው። ሽያጩ በሚጠናቀቅበት ክሎዚንግ ላይ ኮሚሽኑ የሚከፈለው ለቢሮው ነው፤ ቢሮው ድርሻውን ቆርጦ ለኤጀንቱ ያስተላልፋል። ደንበኛው አመስግኖ ቼኩን በኤጀንቱ ስም ቢጽፍለት እንኳ ኤጀንቱ መቀበል አይችልም።

እንግዲህ ብሮከር የሚመርጥ ሰው ቢሮ ብቻ ሳይሆን በማን ስም እንደሚሠራ፣ ሲሳሳት ማን አብሮት እንደሚጠየቅ ነው የሚመርጠው። የላይሰንስ ትምህርቱ ደግሞ ለሥራው አያዘጋጅም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከፈተና በፊት 60 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ 135 ሰዓት፣ ቴክሳስ 180 ሰዓት ይጠይቃሉ። በእነዚህ ሰዓታት የሚማሩት የሕግ ቃላት፣ የባለቤትነት ዓይነቶችና የወለድ ስሌት ነው። ሃምሳ ገጽ የሚጠጋ ኮንትራት ከፊት ተቀምጦ የትኛው ሳጥን እንደሚሞላ፣ የትኛው ቀን ካለፈ ገዢው መብቱን እንደሚያጣ ክፍል ውስጥ የሚያሳይ የለም። ያ ትምህርት የሚገኘው ብሮከሩ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ከተገኘ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ።

የኮሚሽን ክፍፍሉ በሙያው አፍ ስፕሊት ይባላል። 60/40 ሲባል 60ው የኤጀንቱ፣ 40ው የቢሮው ነው። የክፍፍሉ ዓይነት ብዙ ታሪክ አለው። በ1973 ዴንቨር ላይ የተመሠረተው ሪማክስ ኤጀንቱ ኮሚሽኑን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ወስዶ የቢሮውን ወጪ እንዲጋራ የሚያደርገውን አሠራር በመላ አገሪቱ አስለመደ። በ1983 ኦስቲን ላይ የተነሣው ኬለር ዊሊያምስ ደግሞ 64 ለኤጀንቱ፣ 30 ለአካባቢው ቢሮ፣ 6 ለዋናው ድርጅት በሚለው ቀመር ታወቀ። በ2009 የመጣው ኢ ኤክስ ፒ ሕንፃ ሳይኖረው በኢንተርኔት የሚሠራ ሲሆን ክፍፍሉ 80/20 ነው። የቢሮው 20 ከመቶ በዓመት 16,000 ዶላር ሲደርስ ይቆማል። ይህ ጣሪያ ካፕ ይባላል። ሬድፊንም አለ፤ ለብዙ ዓመታት ኤጀንቶቹን ደመወዝተኛ አድርጎ በመቅጠር ከሁሉም የተለየ መንገድ ሄዶ ነበር።

አዲስ ኤጀንት ስለ ካፕ ሲነገረው ዓይኑ ይበራል። እስቲ እናስላው። የ500,000 ዶላር ቤት፣ 2.5 ከመቶ ኮሚሽን፤ 12,500 ዶላር። ከዚህ 20 ከመቶው 2,500 ነው። 16,000 ለመሙላት ሰባተኛው ቤት ላይ መድረስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ዓመቱ ሰባት ቤት የሚሸጥ ሰው አለ፤ ግን ያን የሚያደርገው ሰው ይህን ምዕራፍ ለማንበብ ጊዜ አይኖረውም። ለቀሪው ካፕ ሩቅ ያለ ጣሪያ ነው፤ ቢኖርም ባይኖርም ራሱን አይነካውም።

ሁለት ቢሮ እናወዳድር፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። የመጀመሪያው ቢሮ ኮሚሽኑን መቶ በመቶ ይሰጣል፤ በወር 150 ዶላር፣ በእያንዳንዱ ሽያጭ ደግሞ 500 ዶላር ያስከፍላል። ሁለተኛው ቢሮ 60/40 ነው፤ ወርኃዊ ክፍያ የለውም፤ ሥልጠናና ኮንትራቱን አብሮ የሚያነብ ሰው አለው። በዓመት ሦስት ቤት የሸጠ ኤጀንት በመጀመሪያው ቢሮ 34,200 ዶላር፣ በሁለተኛው 22,500 ዶላር ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ 11,700 ነው፤ ቀላል አይደለም። አንድ ቤት ብቻ ቢሸጥም የመጀመሪያው ይበልጣል፤ 10,200 በ7,500። ምንም ካልሸጠ ግን በመጀመሪያው ቢሮ 1,800 ዶላር ከኪሱ ወጥቷል፤ በሁለተኛው ምንም።

ወረቀቱ ላይ መቶ በመቶው አሸነፈ። እኔም ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ «ሥልጠና ከገንዘብ ይበልጣል» የሚሉ ቢሮዎች ስሌቱን የማያሳዩት በምክንያት ነው። ነገር ግን ስሌቱ አንድ ነገር ዝም ብሎ ተቀብሏል፤ ኤጀንቱ በሁለቱም ቢሮ እኩል ሦስት ቤት እንደሚሸጥ። ሁለተኛው ቢሮ ባስተማረው ምክንያት አምስት ቢሸጥ 37,500 ያገኛል፤ ያኔ ከመጀመሪያው በ3,300 ይበልጣል። አራት ከሆነ ግን አሁንም ያንሳል። ስለዚህ 40 ከመቶ የሚወስድ ቢሮ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ከእናንተ ጋር በመሆኔ ሁለት ተጨማሪ ቤት የምሸጠው እንዴት ነው? «ቤተሰባዊ መንፈስ አለን» የሚል መልስ ሁለት ቤት አያህልም። «ባለፈው ዓመት የገቡት አዲሶች ስንት ሸጡ? ስንቱስ አሁንም አሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ በደንብ የሚሠራ ቢሮ ቁጥሩን ያውቀዋል።

ሌላም ወጪ አለ፤ ቢሮው ቢለዋወጥም አይቀርም። የማኅበር መዋጮ፣ ብሮከሮች የሚሸጡ ቤቶችን የሚጋሩበት መዝገብ የሆነው የኤም ኤል ኤስ ክፍያ (በዋሽንግተን ዙሪያ ብራይት ኤም ኤል ኤስ ነው)፣ የቁልፍ ሳጥን መክፈቻ፣ ፎቶ፣ ሰሌዳ። ኤጀንቱ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ስለሆነ ታክስ ከቼኩ አይቆረጥለትም። 15.3 ከመቶ የሚሆነውን የራስ ሥራ ታክስ ከገቢ ግብሩ ጋር አስልቶ በዓመት አራት ጊዜ ራሱ ይከፍላል። ገዢ ተገኝቶ ኮንትራት ከተፈረመ በኋላ እንኳ ክሎዚንግ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል። ኡበር እየነዳ ወይም ሌሊት እየሠራ የሚጀምር ሐበሻ ብዙ የሆነው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢሮውን ሥልጠናው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ይጠይቅ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ብቻ ከሆነ ሥልጠናው የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ለተኛ ሰው የለም ማለት ነው።

ከገንዘቡ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ደንበኛ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ የመጀመሪያው ደንበኛ ባዕድ አይሆንም። የአክስት ልጅ ነው፣ የዕቁብ አባል ነው፣ የክርስትና አባት ነው። እሱ ላይ የሚሠራ ስህተት በኢንሹራንስ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ለቅሶ ቤትም ሠርግም ድረስ ይከተላል። ገዢው ለ500,000 ዶላር ቤት ማስያዣ ብሎ ያስቀመጠው 10,000 ዶላር አንድ የኮንትራት ቀን በማለፉ አደጋ ላይ ሲወድቅ ኤጀንቱ ለማን ይደውላል? ጊዜው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ነው፤ ኦፈር የሚጻፈው ሰው ከሥራ ሲወጣ ነውና። ስለዚህ ቢሮ ሲመርጡ ሊያገኙት የሚገባ ስም አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ኮንትራቶችዎን ከመላክዎ በፊት የሚያነበው ሰው ስም። «ቡድናችን ይረዳዎታል» አይበቃም። ያ ሰው ማነው? ስንት ኤጀንት ይቆጣጠራል? ራሱስ ቤት ይሸጣል? ራሱ የሚሸጥ ብሮከር መጥፎ አይደለም፤ ገበያውን ያውቃል። ግን የራሱ ገዢ ሲጠራው የእርስዎ ስልክ ሁለተኛ ይሆናል።

ብሮከሩ ሊያስተምርዎት ከሚገቡ ሦስት ከባድ ነገሮች አንዱ ወረቀት ማስፈረም ነው። ጥቅምት 2023 መጨረሻ ላይ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የፍርድ ቤት ጁሪ ስለ ኮሚሽን አሠራር በብሔራዊው የሪልተሮች ማኅበርና በትልልቅ ድርጅቶች ላይ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ፈረደ። ማኅበሩ በመጋቢት 2024 ክሱን በ418 ሚሊዮን ዶላር ለመቋጨት ተስማማ። ከነሐሴ 17 ቀን 2024 ጀምሮም የኤም ኤል ኤስ አባል የሆነ ኤጀንት ለገዢ ቤት ከማሳየቱ በፊት ክፍያው በግልጽ የተጻፈበት ስምምነት ማስፈረም ግዴታው ሆነ። የገዢውን ኤጀንት ኮሚሽን ኤም ኤል ኤስ ላይ መጻፍም ቀረ። በሌላ አነጋገር አዲሱ ኤጀንት ለወንድሙ ልጅ አንድ ቤት ከማሳየቱ በፊት «እኔ የማገኘው ይህን ያህል ነው፤ እዚህ ፈርም» ማለት አለበት። «እኛ ዘመዳሞች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለውን መልስ ሳያስቀይም ማለፍ የሚችለው አስቀድሞ የተለማመደ ሰው ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ብሮከሩን «ይህን ስምምነት ለደንበኛ እንዴት እንደሚያስረዱት ያሳዩኝ» ይበሉት። የሚያሳይዎት ሰው ካገኙ ከስፕሊት በላይ የሚጠቅም ነገር አገኙ።

ሁለተኛው በአማርኛ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ደንበኛው «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር አሳየኝ» ይላል፤ ወይም ሹክ ብሎ «እነ እገሌ የሌሉበት» ይላል። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አገር ምክንያት ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ይከለክላል። ጥያቄው ከራሱ ከደንበኛው አፍ መውጣቱ ኤጀንቱን ነፃ አያደርገውም። አማርኛ መነጋገሩም መጠለያ አይሆንም። ደንበኛው ራሱ ከተማውን፣ ዋጋውንና ከሥራ የሚርቅበትን መጠን እንዲወስን አድርጎ ፍለጋውን በዚያ መሥራት የሚለመድ ነገር ነው። የሚያስለምደው ደግሞ ብሮከሩ ነው።

ሦስተኛው የሻይ ነገር። ሌንደሩ (አበዳሪው) ወይም የቤቱን ባለቤትነት የሚያጣራው ታይትል ካምፓኒ ደንበኛ ላመጣለት ኤጀንት «ለሻይ» ብሎ የሚሰጠው ገንዘብ፣ ሪስፓ በሚባለው የ1974 ሕግ የተከለከለ ነው። አገር ቤት ላመጣ ሰው መስጠት ወግ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ በወንጀል ያስጠይቃል። ቢሮው የራሱ ሌንደርና የራሱ ታይትል ካምፓኒ ካለው ሕጋዊ ነው፤ ግንኙነቱን ለደንበኛው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ደንበኛውም ሌላ መምረጥ ይችላል። ቢሮው ኤጀንቶቹን ወደዚያ በኃይል የሚገፋ ከሆነ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፤ ከኤጀንት ሥልጠናው ግማሹ ስለ ሌንደሩ ይሆናል።

በዲ ኤም ቪ፣ ማለትም በዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚሠሩ ሌላ ጉዳይ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኤጀንት ደንበኛ አንድ ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ በሚቀጥለው ዲሲ፣ ከዚያ አሌክሳንድሪያ ቤት ማየት ይፈልጋል። ሦስቱም የየራሳቸው ላይሰንስ፣ የየራሳቸው ኮንትራትና ሕግ አላቸው። ሻጩም ገዢውም የእርስዎ ዘመዶች ሆነው ሁለቱም «አንተው ያዝልን» ቢሉ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኤጀንት ብቻውን ሁለቱን ወገን መወከል አይችልም፤ ብሮከሩ ለእያንዳንዱ ወገን ከቢሮው ሌላ ሌላ ኤጀንት ይመድባል። ቨርጂኒያ ውስጥ በጽሑፍ አሳውቆና አስፈቅዶ ማድረግ ይቻላል። ብሮከሩ ራሱ ባልተፈቀደለት ስቴት ውስጥ እርስዎም በእሱ ስም መሥራት ስለማይችሉ፣ ቢሮው በሦስቱም መፈቀዱን ከመፈረም በፊት ያረጋግጡ።

አሁን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ወደሚያውቁት ሰውዬ እንመለስ። ብዙ ጊዜ ከልቡ ነው የሚጋብዘው። ቢሆንም አንዳንድ ድርጅቶች ሌላ ኤጀንት ላመጣ ሰው (ስፖንሰር ይሉታል) ያ ኤጀንት ከሚያስገባው ገቢ ድርሻ ይከፍላሉ፤ ኢ ኤክስ ፒ ይህን እስከ ሰባት እርከን ይዘረጋዋል። ኬለር ዊሊያምስም ከትርፍ የሚያካፍልበት የራሱ አሠራር አለው። ሁለቱም በግልጽ የሚሠሩት ሕጋዊ ነገር ነው። ችግሩ ጋባዡ ምክር ይሰጣል ወይስ ይመለምላል የሚለው መደባለቁ ነው። «ስፖንሰሬ ስትሆን በየኮንትራቱ ምን ታደርግልኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ወዳጅነትን አይቆርጥም። የሚመልሰው ካለው ጥሩ ስፖንሰር ነው። ስለ ቤት ሳይሆን ሌሎች ኤጀንቶችን ስለማምጣት የሚያወራ ከሆነ ሌላ ንግድ ውስጥ እየገቡ ነው፤ ያን ንግድ ከፈለጉት ምንም አይደል፣ ግን አውቀው ይግቡበት።

ቲም ስለሚባለው ባጭሩ። አንድ ስኬታማ ኤጀንት በቢሮው ውስጥ የራሱን ቡድን ያቋቁምና ደንበኛ ይሰጣል፤ በምላሹ ግማሹን ይወስዳል። ከ12,500 ውስጥ ቢሮው 20 ከመቶ ወስዶ ቲሙ ከቀሪው ግማሹን ቢወስድ ለኤጀንቱ 5,000 ይደርሰዋል። ደንበኛው የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ ከሆነው ከዚሎ የመጣ ከሆነ ከኮሚሽኑ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ለዚሎ ሊሄድ ይችላል። ትንሽ ይመስላል፤ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ከተማ ለሚጀምር አዲስ ኤጀንት ግን ከሁሉ ፈጣኑ ትምህርት ቤት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ደንበኞቹ የራሱ ዘመዶች የሆኑ ኤጀንት ግን በራሱ ዘመድ ሽያጭ ለሌላ ሰው ግማሽ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም፤ ቲሙ ኤጀንቱ ራሱ ባመጣው ደንበኛ ላይ የተለየ ክፍፍል ከሌለው በቀር።

ውሉን ሲሰጡዎት እዚያው አይፈርሙ፤ ይዘውት ወደ ቤት ይሂዱ። «ይዤ ልሂድ» ሲባል ፊቱ የሚለወጥ ቢሮ መልሱን ሰጥቷል። ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ገጾች ያንብቡ፤ መግቢያው ሁሉም ጋ ያምራል፣ ልዩነቱ መውጫው ላይ ነው። ሊስቲንጎቹ የቢሮው ንብረት ስለሆኑ ሲወጡ ብሮከሩ ካልለቀቀልዎ እዚያው ይቀራሉ። ኮንትራት ላይ ያሉና ገና ያልተዘጉ ሽያጮች በየትኛው ክፍፍል እንደሚከፈሉ ይዩ፤ አንዳንድ ውል የወጣን ኤጀንት ድርሻ ይቀንሳል። ኢ ኤንድ ኦ በሚባለው የሙያ ስህተት ኢንሹራንስ፣ ክስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈለውን መጠን ማን እንደሚሸፍን ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ኤጀንቱ ነው። ቢሮው የሰጠዎት ደንበኛ ስልክ ቁጥር ሲወጡ የማን እንደሆነም ውሉ ውስጥ መኖር አለበት።

መቀየር ነውር አይደለም፤ ላይሰንሱን ወደ ሌላ ብሮከር ማዛወር በየስቴቱ የታወቀ ሂደት ያለው ትንሽ ክፍያ የሚያስከፍል ነገር ነው። ብዙ ኤጀንት የመጀመሪያ ዓመቱን በሚያስተምር ቢሮ ከፍ ያለ ድርሻ ከፍሎ ይሠራና፣ ኮንትራቱን ብቻውን መሙላት ሲችል ወርኃዊ ክፍያ ብቻ ወደሚጠይቅ ቢሮ ይሄዳል። ብሮከሮቹም ይህን ያውቃሉ። ያሰቡትን ደብቆ ከመግባት፣ «ከአሥረኛው ቤት በኋላ ክፍፍሉ ይሻሻላል ወይ?» ብሎ ገና ሲገቡ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ አዎ ከሆነ በወረቀት ያስጽፉት፤ የመልማዩ ቃል ብቻ ከሆነ መልማዩ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቢሮ ሊሆን ይችላል።